ድርና ልጥ፦ የሶማሌ ሽመና ከምን ይሠራል? ዛሬስ ምን ላይ ደርሷል?

ስለ ሶማሌ አለባበስ ሲነሳ ብዙዎቻችን ፊት ቶሎ ድቅን የሚለው ድሪያ ነው። በድሬዳዋና በጅግጅጋ ሱቆች በር ላይ በየቀለሙ ተሰቅሎ ነፋስ የሚያውለበልበው ያ ስስና ሰፊ ቀሚስ ዛሬ የሶማሌ ሴቶች የክት ልብስ ሆኗል። ጨርቁ ግን ከውጭ የሚገባ የፋብሪካ ምርት ነው። ከዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ሶማሌ ግመል ያረባል፣ ይነግዳል እንጂ አይሸምንም ብሎ ያስባል።

ታሪኩ ይህን አያሳይም። የመቋዲሾ ሸማኔዎች ጨርቅ ከ700 ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ተሻግሮ ግብፅ ይሸጥ ነበር። ከጠረፉ ርቆ በቆላው ምድር ደግሞ አርብቶ አደር ሴቶች የሽመና ዕቃ ሳይኖራቸው በእጃቸው ብቻ ሙሉ ቤት ይሸምናሉ። እነዚህ ሁለት ሙያዎች እንዴት እንደሚሠሩ፣ በየትኛው ወንዝና ዛፍ ላይ እንደተመሠረቱና ዛሬ ለምን እንደተዳከሙ ከዚህ ቀጥሎ እናያለን።

ሁለት ዓይነት ሽመና ሲባል ምን ማለት ነው?

የመጀመሪያው የጠረፍ ሽመና ነው። ከመቋዲሾ ጀምሮ በመርካና በባራዋ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቀው የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በናዲር ይባላል። እዚያ ጨርቅ የሚሠራው ከጥጥ ነው፤ ሸማኔዎቹም ወንዶች ናቸው። ጨርቃቸው በአገሬው አሊንዲ ይባላል፤ የጥንት ነጋዴዎች ደግሞ ፉታ በናዲር እያሉ ያውቁት ነበር።

ሁለተኛው የአርብቶ አደሩ ሽመና ሲሆን ባለሙያዎቹ ሴቶች ናቸው። ጥሬ ዕቃቸው የግራር ልጥ፣ የዱር ቃጫ፣ ሣርና የዘምባባ ቅጠል ነው። የሚሠሩትም የሚለበስ ነገር አይደለም፤ ቤት የሚሸፈንበት ምንጣፍ፣ ውሃና ወተት የሚያዝበት ዕቃ፣ ግመል የሚጫንበት ድልዳልና ገመድ ነው። ብዙ ሰው ይህን ከሽመና አይቆጥረውም፤ ስንዝር ስንዝር እያለ በእጅ የሚጠላለፈው ልጥ ግን ከጥጥ ድርና ማግ ያነሰ ጥበብ አይጠይቅም።

የመቋዲሾ ጨርቅ ምን ያህል ዘመን አለው?

ትክክለኛ መነሻውን የሚናገር ሰነድ የለም። ሆኖም አንድ ጥሩ ምስክር አለ። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባጡጣ እ.ኤ.አ. በ1331 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከዘይላ ተነስቶ መቋዲሾ ደረሰ። ከተማዋ ሰፊና ነጋዴዎቿም ባለጸጎች እንደሆኑ ከገለጸ በኋላ፣ በስሟ የሚጠራ ወደር የሌለው ጨርቅ እንደሚሠራባትና ወደ ግብፅና ወደ ሌሎች አገሮች እንደሚላክ ጻፈ።

ግብፅ በዚያ ዘመን ራሷ ዝነኛ የጨርቅ አገር ነበረች። ወደ እንዲህ ያለ ገበያ ገብቶ የሚሸጥ ጨርቅ ተራ ሊሆን አይችልም። ኢብን ባጡጣ ከከተማዋ ገዢ ልብስ ተሰጥቶት ነበር፤ በሱሪ ፋንታ ወገብ ላይ የሚታጠቅ የሐር ፉታ፣ የግብፅ እጀ ጠባብ፣ የኢየሩሳሌም ካባና ጥልፍ ያለው የግብፅ ጥምጥም። ከዚህ የምንረዳው መቋዲሾ የራሷን ጨርቅ እየላከች የሌላውንም በብዛት ትለብስ እንደነበር ነው። የሌላውን የመልበሱ ልማድ እስከ ዛሬም አልተለወጠም።

አሊንዲ እንዴት ይሠራል?

ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። የመቋዲሾውም ሸማኔ እንደኛው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ያደርጋል፤ በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ ድሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እየላከ ማጉን ያስገባል። ድር ማለት በቁመት ተወጥሮ የሚዘረጋው ፈትል ነው፤ ማግ ደግሞ በአግድም የሚገባው። የአሊንዲ ውበት ያለው ቀለም የገባውን ድር በቅደም ተከተል በመደርደር ላይ ነው። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ጥቁርና ነጭ መስመሮች እየተከታተሉ ይሄዳሉ፤ ማጉም ባለቀለም ሲሆን መስመሮቹ ተቋርጠው አራት ማዕዘን ይሠራሉ። ስለዚህ ንድፉ የሚወሰነው ሽመናው ሳይጀመር፣ ድሩ ሲዘረጋ ነው። በዚያ ጊዜ የተሳሳተ ሸማኔ በኋላ ማስተካከል አይችልም።

ከሽመናው በፊት ያለው ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ነበር። ጥጡን ከፍሬው መለየት፣ ማፍታታትና በእንዝርት መፍተል በየቤቱ የሚሠራ ነው። ሽመናው ራሱ በቤተሰብ የሚወረስ ሙያ ሆኖ፣ ሬር ሐመር በሚባሉት የመቋዲሾ ነባር ነዋሪዎች ዘንድ ልጅ ከአባቱ ይማረው ነበር። ሐመር ወይኔና ሺንጋኒ የተባሉት የከተማዋ ጥንታዊ ሰፈሮች የዚህ ሥራ ማዕከል ነበሩ።

ጥጡስ ከየት ይመጣል? ከዋቢ ሸበሌ። ይህ ወንዝ ከባሌና ከአርሲ ከፍታ ተነስቶ፣ የሶማሌ ክልልን ሰንጥቆ ወደ ሶማሊያ ይገባል፤ ወደ መቋዲሾ ተጠግቶ ከባሕሩ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ ከጠረፉ ጎን ለጎን ይፈሳል፤ በአብዛኛው ጊዜም ባሕር ሳይደርስ ረግረግ ውስጥ ይቀራል። ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት ዝቅተኛ መሬት ደለልና እርጥበት ስለሚይዝ ጥጥ፣ ሰሊጥና ማሽላ ያበቅላል። በሌላ አነጋገር፣ የመቋዲሾ ሸማኔ ድር የሚያጠጣው ዝናብ በአብዛኛው የሚዘንበው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ መዝለል የማይገባ ነገር አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታችኛው ሸበሌ እርሻ ሲስፋፋ ጉልበቱ የመጣው ከባርነት ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ ደቡባዊ አገሮች በዛንዚባር በኩል የተሸጡ ብዙ ሰዎች በእነዚህ እርሻዎች ላይ ተገደው ሠርተዋል። ዛሬ ሶማሌ ባንቱ ከሚባሉት ማኅበረሰቦች አብዛኞቹ የእነሱ ልጆች ናቸው። ስለ በናዲር ጨርቅ ውበት የሚናገር ሰው ጥጡን የለቀሙትን እጆችም ሊያነሳ ይገባዋል።

የአሜሪካ አቡጀዲ ሲመጣ ይህ ሙያ ለምን አልጠፋም?

እ.ኤ.አ. በ1833 አሜሪካ ዛንዚባርን ይገዛ ከነበረው ከኦማኑ ሱልጣን ጋር የንግድ ውል ፈረመች። ከዚያ በኋላ የማሳቹሴትስ መርከቦች እኛ አቡጀዲ የምንለውን ያልነጣ ጥጥ ጨርቅ በገፍ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ማራገፍ ጀመሩ። ጠንካራና ርካሽ ነበር፤ በጠረፉ ሁሉ መሪካኒ ተባለ። ወደ ኢትዮጵያም በብዛት ገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1903 የአሜሪካው መልዕክተኛ ሮበርት ስኪነር ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር ውል ለመፈራረም አዲስ አበባ ድረስ የመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው የጨርቅ ንግድ ነበር።

እንዲህ ያለ ጨርቅ በብዙ አገር የእጅ ሸማኔን ከሥራ አስወጥቷል። በናዲር ላይ ግን አልሆነለትም። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች ሊጠቀሱ ይችላሉ። አንደኛ፣ ደንበኞች ቀለሙንና ድርድሩን ለይተው ይፈልጉት ነበር፤ ነጩ አቡጀዲ ያንን አይሰጥም። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከ1861 እስከ 1865 የመሪካኒን አቅርቦት ሲያቋርጠው የአካባቢው ጨርቅ ትንፋሽ አገኘ። ሦስተኛውና ዋናው፣ ሸማኔዎቹ አሠራራቸውን ቀየሩ። በፋብሪካ የተፈተለ ክር ከሕንድ እየገዙ መሸመን ጀመሩ። የወንዶቹ ሙያ በዚህ ተረፈ፤ የሴቶቹ የእንዝርት ሥራ ግን ቀስ በቀስ ቀረ። ሙያው ዳነ ሲባል የማን ሙያ እንደዳነ መለየት ያስፈልጋል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ተድበስብሶ የሚታለፍ ጉዳይ ነው።

ገበያው ጠረፍ ላይ ብቻ አልነበረም። ቅፍለቶች የጠረፉን ጨርቅ በግመል ጭነው በጁባ ወንዝ ላይ ወደምትገኘው ሉቅ ይወስዱ ነበር። ከሉቅ ወደ ቦረናና ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ገበያዎች ይዘልቃል፤ በምላሹ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ከብት ወደ ጠረፍ ይወርዳል።

ጣሊያኖች ሲመጡ ሌላ ዘመን ጀመረ። የአብሩዚው መስፍን ሉዊጂ አሜዴዮ እ.ኤ.አ. በ1920 ዛሬ ጆሃር በምትባለው ቦታ ትልቅ የእርሻ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሸንኮራና ጥጥ ተተከለ። ጥጡ ግን ለመቋዲሾ ሸማኔ የታሰበ አልነበረም፤ ለጣሊያን ፋብሪካዎች ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1960ዎቹ በምዕራብ ጀርመን እርዳታ ባልዓድ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራ። የሸበሌ ጥጥና የሶማሊያ ፋብሪካ ያኔ ተገናኙ።

ማን ምን ይለብሳል?

ከድሪያ በፊት የሴቶች ዋና ልብስ ጉንቲኖ ነበር። ጉንቲኖ ያልተሰፋ ረጅም ጨርቅ ነው፤ አንድ ትከሻ ላይ ይቋጠራል፣ ደረት ላይ አልፎ ወገብ ላይ ይጠመጠማል። በገጠር ነጭ አቡጀዲ ይበቃል፤ ለበዓልና ለጭፈራ ደግሞ ባለመስመሩ አሊንዲ ይመረጣል። ከነጻነት በኋላ በመድረክ ላይ የሚታዩ ዘፋኞችና ተወዛዋዦች አሊንዲ ጉንቲኖ ሲለብሱ፣ የመቋዲሾ የሸማኔ ሰፈር ጨርቅ የመላው ሶማሌ መለያ እየሆነ ሄደ። ዛሬም በሠርግና በባህል ቀን ሴቶች ፎቶ የሚነሱት በእሱ ነው።

ድሪያ ከስሩ ጎርጎራድ የሚባል የውስጥ ቀሚስ ይፈልጋል፤ ስስ ስለሆነ ብቻውን አይለበስም። ጋርባሳር ትከሻና ራስ ላይ የሚጣል ነጠላ መሳይ ነው። ወንዶች ወገባቸው ላይ የሚያገለድሙትን ሶማሌዎች መዓዊስ ይሉታል፤ እኛ ሽርጥ እንለዋለን። ከዚያ በፊት የአርብቶ አደር ወንድ ልብስ ሁለት ነጭ ጋቢ መሰል ጨርቅ ነበር፤ አንዱ ወገብ ላይ ይታጠቃል፣ ሌላው ትከሻ ላይ ይጣላል፣ ማታ ደግሞ ይለበሳል።

ሻሽ የራሱ ሥርዓት አለው። ያላገባች ልጅ ጸጉሯን ሸርባ ትተወዋለች፤ ያገባች ሴት በሻሽ ታስራለች። ከሠርጉ በኋላ ያገቡ ሴቶች ተሰብስበው ሙሽራዋ ራስ ላይ ሻሽ የሚያስሩበት ቀን ሻሽ ሳር ይባላል፤ ግጥምና ዘፈን ይወርዳል፣ ስጦታ ይሰጣል፣ ሽቱና ዕጣን ይጨሳል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ፣ በተለይም የሶማሊያ መንግሥት ከፈረሰበት ከ1991 በኋላ፣ ሙሉ አካል የሚሸፍኑ ልብሶች በስፋት ስለተለመዱ ሻሹ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በሴቶች መካከል ብቻ ሆኗል፤ ሥርዓቱ ግን ጅግጅጋም፣ ብዙ ሶማሌዎች በሚኖሩባት የአሜሪካ ከተማ ሚኒያፖሊስም አለ።

ቤት እንዴት ይሸመናል?

በእኔ እምነት የሶማሌ ሽመና ከፍተኛው ደረጃ አሊንዲ ሳይሆን አቃል ነው። አቃል የአርብቶ አደሩ ተንቀሳቃሽ ቤት ነው። አጥንቱ ታጥፈው ቀስት የሚመስሉ እንጨቶች ናቸው፤ ገላው ደግሞ በላያቸው የሚደራረቡ የተሸመኑ ምንጣፎች።

ሁለቱንም የሚሰጠው በዋናነት ገሎል የሚባል የግራር ዓይነት ነው። ረጃጅምና እንደ ልብ የሚታጠፉት ሥሮቹ ለቤቱ ቀስት ይሆናሉ። የቅርፊቱ ውስጠኛ ልጥ ይላጣል፣ ይደርቃል፣ ይነከራል፤ ከዚያ ሴቶች በጥርሳቸው እያኘኩና በእጃቸው እያሹ እንደ ክር እስኪለሰልስ ያለፉታል። ልጡና ሣሩ ተጠላልፈው የሚሠሩት ምንጣፎች እንደ አገልግሎታቸው የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ከበድ የቤት ሽፋን ነው። አንዱ ገጹ ለስላሳ ሆኖ በሌላው ገጽ የልጡ ጫፎች ሳይቆረጡ እንደ ጸጉር ይተዋሉ፤ የዝናብ ውሃ በእነሱ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። ሣርና ልጥ እርጥበት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ቀዳዳውም ይጠባል። ፀሐይ ሲሆን ደግሞ ይሰበሰባሉ፣ ነፋስ በመሀላቸው ያልፋል። በቆላ ሙቀት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቀን የዋለ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ያውቃል።

ሥራው ወራት ይፈጃል፤ በአንድ ሴት ብቻም አይሠራም። ልጅቷ ልታገባ ስትል እናቷ፣ እህቶቿና የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ምንጣፉን ይሸምናሉ፤ የሥራው ዘፈን አለው፣ እጅና ዜማ አብረው ይሄዳሉ። ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ባለቤቷ ሴቷ ናት። የምትተክለው እሷ፣ የምትነቅለው እሷ፣ ግመል ላይ የምትጭነውም እሷ ናት።

ሰፈሩ ሲነሳ ቤቱ ራሱ የግመል ጭነት መቀመጫ ይሆናል። ምንጣፎቹ በሻኛው ዙሪያ ተደርበው ጀርባውን ከመቁሰል ይጠብቃሉ፤ ሄርዮ ይባላል። የታጠፉት እንጨቶች ከላይ ይታሰሩና ሕፃናት፣ ግልገሎችና የወተት ዕቃዎች የሚቀመጡበት አልጋ ይሠራሉ። ሁሉንም የሚያስረው ገመድ ከልጥ ወይም ሒግ ከሚባለው የዱር ቃጫ የተገመደ ነው። ለሰው ቤት፣ ለግመል ኮርቻ የሚሆን አንድ ሽመና ይኸ ነው።

ዕቃዎቹም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሐን የሚባለው የውሃና የወተት ዕቃ ከሥር ጭረት እጅግ ተጠቅጥቆ ስለሚሠራ ፈሳሽ ይይዛል። ቅርፊት የተነከረበት ውሃ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ሴቶቹ ደግሞ በሚጤስ እንጨት ያጥኑታል። የእኛም እናቶች የወተት ዕቃ በወይራ የሚያጥኑት ለዚሁ ነው፤ ጭሱ ወተቱን ቶሎ ከመበላሸት ይጠብቃል፣ መዓዛም ይሰጠዋል። ውሃ ባለበት በደቡቡና በጠረፉ ደግሞ ከቆላ ዘምባባ ቅጠል ሰሌንና ቅርጫት ይታታል።

ሔዶ ምንድን ነው?

በሰሜን ሶማሌ፣ በጅቡቲና በእኛው የሶማሌ ክልል የሚታወቅ የሠርግ ሥርዓት ነው። የሙሽራዋ እናት ሙቅማድ የሚባለውን፣ ደርቆ ተከትፎ በቅቤ የተጠበሰ ሥጋ በዕቃ ውስጥ አድርጋ በተምር ትደፍነዋለች። ዕቃው በተሸመነ መክደኛ ይከደናል፣ እንደ ሙሽራ ጨርቅ ይለብሳል፣ ከዚያ በረጅም ገመድ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ይታሰራል። የገመዱ ጫፍ ሆን ተብሎ ይደበቃል።

ከሠርጉ በኋላ በሰባተኛው ቀን ገደማ ሁለቱ ወገኖች ይሰበሰባሉ። ከሙሽራው ወገን የተመረጠ ሰው ገመዱን ሳይቆርጥ፣ ጨርቁንም ሳይቀድ ጫፉን ፈልጎ መፍታት አለበት። ከሙሽራዋ ወገን ደግሞ ሴቶች ይተርቡታል፣ ግጥም ይገጥሙበታል፤ ያልቻለ ይቀጣል። ሲፈታ ሁሉም ይበላል። ጨዋታ ይመስላል፤ ግን የሙሽራው ቤተሰብ የሚያገባትን ልጅ በትዕግሥትና በክብር እንደሚይዝ በሰው ፊት የሚፈተንበት ነው። ፈተናውን የምታዘጋጀው እናት በቋጠሮ ሙያዋ ትታወቃለች፤ ሙያውም በልጥና በገመድ ሥራ ውስጥ ያደገ ነው።

ይህ ሁሉ ከዛፍና ከሣር ጋር ምን አገናኘው?

ገሎል ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ጥላ ይሰጣል፣ ግመልና ፍየል ቅጠሉን ይበላሉ፣ ቅርፊቱ ቆዳ ለማልፋት ይውላል፣ ሥሩ አፈር ይይዛል። ልጥ የሚላጠው ከቅርንጫፍ ሲሆን ዛፉ ይተርፋል፤ ግንዱ ዙሪያውን ከተገፈፈ ግን ይሞታል። ይህን የሚያውቁት ሸማኔዎቹ ናቸው። የሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ ሔር፣ ሕያው ዛፍ በዘፈቀደ መቁረጥን የሚከለክልባቸው አካባቢዎች ያሉትም ዛፉ የጋራ ጎተራ በመሆኑ ነው።

ችግሩ የገሎል እንጨት ጠንካራ መሆኑ ነው፤ ጥሩ ከሰል ይወጣዋል። ከ1991 ወዲህ ማዕከላዊ መንግሥት ሲፈርስ ከሰል ከደቡብ ሶማሊያ ወደቦች በመርከብ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች መጋዝ ተስፋፋ። ከገቢው የታጠቁ ቡድኖች፣ አልሸባብም ጭምር፣ ይጠቀሙ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 የሶማሊያን ከሰል ወደ ውጭ መላክም ሆነ መግዛት ከለከለ። ንግዱ ግን በድብቅ ቀጠለ፤ የተባበሩት መንግሥታት ግምት እንደሚያመለክተው ከ2011 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት ለከሰል 8.2 ሚሊዮን ያህል ዛፎች ተቆርጠዋል።

ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስለ ጸጥታና ስለ በረሃማነት ሲወራ ነው። ከሴቷ በኩል ሲታይ ግን የቤቷ ምሰሶ፣ የምንጣፏ ክር፣ የገመዷና የወተት ዕቃዋ ምንጭ ተቆርጧል ማለት ነው። ልጡ ሲጠፋ ሙያውን ለልጅ የሚያስተምሩበት ነገር የለም።

ድርቁም የራሱን ያደርጋል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በሶማሊያ፣ በሶማሌ ክልልና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ግመሉ ሲያልቅ ቤቱን የሚሸከም የለም፤ ቤተሰቡ ወደ ከተማ ዳር ወይም ወደ መጠለያ ጣቢያ ይሄዳል። እዚያ ያው ቀስት የሚመስለው የአቃል አጥንት ይቆማል፤ በላዩ ግን የሚለብሰው የእርዳታ ሸራ፣ ላስቲክና የተቀዳደደ ጨርቅ ነው። ሸራው ዝናብ ይከለክላል፤ በቀን ግን እንደ ምድጃ ያግላል፣ ሲቀደድም አይበሰብስም፣ እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ፍየልም ይበላዋል። የድሮው ከበድ ሲያረጅ መሬት ይሆን ነበር። በዚህ ላይ ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ፣ በአፋርና በድሬዳዋ አካባቢ ያሉ አንባቢዎች በደንብ የሚያውቁት፣ ነባሩን ግራርና ሣር እየገፋ ነው። ለከሰል ይሆናል፤ ለምንጣፍ የሚሆን ልጥ ግን የለውም።

የጥጡ ወገንም ከውሃ ጋር የተያያዘ ነው። ሸበሌ በአንዳንድ ዓመታት በታችኛው ተፋሰስ ይደርቃል፣ በሌላው ዓመት ይጥለቀለቃል። ከላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ደኑና መሬቱ የሚያዝበት መንገድ፣ ለመስኖ የሚወሰደውም ውሃ፣ ታች ያለውን ገበሬ ይነካል። ስለ ወንዙ የሚደረግ ማንኛውም ውይይት ሁለቱንም አገሮች የሚመለከተው ለዚህ ነው።

ዛሬ ምን ቀረ?

በ1991 መቋዲሾ ስትዘረፍ ሬር ሐመር የሚከላከልላቸው የታጠቀ ጎሣ አልነበራቸውም። ብዙዎች በጀልባ ወደ ኬንያ ሸሹ፤ የሸማኔ ቤተሰቦች ተበተኑ። የባልዓዱ ፋብሪካም ቆመ። ያም ሆኖ በመቋዲሾ ዛሬም ጥቂት የሽመና ጉድጓዶች አሉ። አብዛኞቹ ሸማኔዎች አረጋውያን ናቸው፤ ክሩ ከውጭ ይገባል፤ በእጅ የሚሠራውን አሊንዲ አስመስሎ የሚታተመው የፋብሪካ ጨርቅ ደግሞ በጣም ባነሰ ዋጋ ይሸጣል።

በስደት ያሉ ሶማሌዎች ባህሉን በሌላ መንገድ ይዘውታል። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተው የሚኒሶታ የሶማሌ ሙዚየም አቃል፣ ምንጣፍ፣ ሐንና የግመል ዕቃ ሰብስቦ ያሳያል። ሙዚየም ዕቃውን ያቆያል፤ የትኛው ቅርንጫፍ ሲላጥ ዛፉ እንደሚተርፍ፣ ልጡ ስንት ቀን እንደሚነከር፣ መቼ እንደሚታኘክ ግን የሚማሩት ዛፉ አጠገብ ነው። ይህ ዕውቀት ገና በሕይወት ያለው በሶማሌ ክልል፣ በሶማሌላንድና በፑንትላንድ ገጠሮች ባሉ ሴቶች ዘንድ ነው። ስለዚህ ግጦሽና ደን ለማስመለስ የሚሠሩ ፕሮጀክቶች የችግኝ ቁጥር ከመቁጠር ባለፈ እነዚህን ሴቶች እንደ ባለሙያ ቢያማክሩ ተገቢ ነው። ገሎል የሚተከለው ማን ሊጠቀምበት እንደሆነ ሲታወቅ ጠባቂም ያገኛል።

በእጅ የተሠራ አሊንዲ በምን ይታወቃል?

ለሠርግ ወይም ለስጦታ መግዛት የሚፈልግ ጨርቁን ገልብጦ ይየው። ክሩ ቀድሞ ቀለም ገብቶበት የተሸመነ ጨርቅ መስመሩ በሁለቱም ገጽ እኩል ይደምቃል፤ የታተመው በጀርባው ይደበዝዛል። ይህ ግን ማሽን ከሸመነው ለመለየት አይበቃም። ጠርዙን ይመልከቱ፤ በእጅ የተሠራው ላይ ማጉ እየታጠፈ ሲመለስ ይታያል፣ ጥብቀቱም እዚህም እዚያም በጥቂቱ ይለያያል። ከዚያ ሻጩን የት እንደተሠራና ማን እንደሸመነው ይጠይቁት። የሸማኔውን ሰፈር የሚያውቅ ነጋዴ ካጋጠመዎት፣ ዋጋው ከፍ ቢልም፣ የሚከፍሉት ብር ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ለተቀመጠው ሰው የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው።